ቲማቲሙ ላይ የምትጮኸው ጥቁር ንብ ምን እየሠራች ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከመራዊ አካባቢ ነኝ። በቆጋ መስኖ ቲማቲም አለኝ። ከማሳው ጥግ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አስቀምጫለሁ፤ ንቦቼ ግን ቲማቲሙን ዞር ብለው አያዩትም። በምትኩ አንዲት ትልቅ ጥቁር ንብ እየመጣች አበባውን አቅፋ ትጮኽና ትሄዳለች። ይህችው ንብ የቀፎዬን ዳስ ቋሚ እንጨት እየበሳች አስቸግራኛለች። አበባውን እያበላሸችው ነው? ልግደላት? ውጭ አገር ያለው ልጄ ደግሞ ለቲማቲም ተብሎ በካርቶን የሚሸጥ ንብ አለ ይለኛል። ላስመጣ?»

በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። አይግደሏት። አበባውን እያበላሸችው አይደለም፤ የእርስዎን ሥራ በነጻ እየሠራችልዎ ነው። ልጅዎ የነገረዎት ንብ እውነት አለ፤ ግን አያስመጡ። የቀፎዎ ንቦችም ሰንፈው አይደለም። የቲማቲም አበባ ለእነሱ የሚሆን አበባ ስላልሆነ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከአበባው መጀመር ይሻላል። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ አንድ የፈካ የቲማቲም አበባ ቀጥፈው ይመልከቱ። መሐል ላይ ጫፉ የሾለ ቢጫ ቀንድ አለ። አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ጎን ለጎን የተጣበቁ የወንዴ ዘር ከረጢቶች ናቸው። የአበባው ዱቄት፣ ፖለን የምንለው፣ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። እንደ ኑግ ወይም እንደ አደይ አበባ በላዩ ላይ ተነስንሶ አይገኝም። ከረጢቶቹ የሚከፈቱት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቀንዱ ባዶ ውስጥ ነው። ከዚያ መውጫው ጫፉ ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። አበባው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት ያያል።

ጥጉ በትንሹ የተቀደደ የጤፍ ጆንያ ያስቡ። ዝም ብለው ቢሰቅሉት ጥቂት ያፈስና ያቆማል። ይዘው ሲያራግፉት ግን ጤፉ ይንዠቀዠቃል። የቲማቲም አበባም እንዲሁ ነው፤ ካልተናወጠ አይሰጥም።

ሌላም ነገር አለ። የቲማቲም አበባ ወለላ የለውም። ለጎብኚው የሚያቀርበው ዱቄቱን ብቻ ነው። እሱንም ቆልፎ ይዞታል። ለምን ቢሉ፣ ዱቄት ለተክሉ ውድ ነገር ነው። በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ንቦች ለልጆቻቸው ምግብ ይፈልጉታል። በግልጽ ያስቀመጠው አበባ የመጀመሪያዋ ንብ ጠራርጋ ልትወስድበት ትችላለች። የቆለፈው ግን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይሰጣል። ብዙ ንቦች ይመላለሱበታል፤ ዱቄቱም ወደ ብዙ አበባ ይደርሳል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ንዝረት የሚጠይቅ አበባ ያላቸው ተክሎች ከ20,000 ዝርያ በላይ ይሆናሉ። በእኛ አገር ከቲማቲም ሌላ ድንች፣ አውጥና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው እምቧይ ከዚሁ ወገን ናቸው። ንቧን በደንብ ማየት ከፈለጉ እምቧይ ዘንድ ይጠብቋት። ሐምራዊ አበባ፣ መሐሉ ቢጫ ቀንድ፤ ረፋድ ላይ አትጠፋም።

አሁን ወደ ንቧ እንምጣ። ስትደርስ አበባው ላይ ከሥር በኩል ትንጠለጠላለች። ቀንዱን በመንጋጋዋ ነክሳ ትይዛለች። ሰውነቷን ቆልመም አድርጋ ታቅፈዋለች፤ ሆዷ ከቀዳዳዋ ትይዩ ይሆናል። ክንፏን ጀርባዋ ላይ ታጥፋለች። ያ ጩኸት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ንብ የምትጮኸው በክንፏ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ክንፏ ታጥፏል። ታዲያ ድምፁ ከየት መጣ? ከደረቷ ነው። የንብ ደረት በሁለት ዓይነት ትልልቅ ጡንቻዎች የተሞላ ነው። አንደኛው ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቷል። ተራ በተራ ሲኮማተሩ ጠንካራውን የደረት ቅርፊት ይጨምቁታል፣ ይለቁታል። ስትበር ክንፉ የሚርገበገበው ይህን ጭመቃ ተከትሎ ነው። አንዱ ጡንቻ ሲኮማተር ሌላውን ይለጥጠዋል፤ መለጠጡ ራሱ ያኛውን ያነሣሣዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከነርቭ የተለየ ትእዛዝ መምጣት የለበትም። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው።

አበባ ላይ ስትሆን ክንፏን ከሥራ ታወጣና ጡንቻውን ብቻ ታንቀጠቅጣለች። የክንፍ ሸክም የለበትምና ንዝረቱ ይፈጥናል። በበረራ ላይ ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ አበባ ላይ ግን ቀጠን ብሎ ይወጣል። እርስዎ «ትጮኻለች» ያሉት ይህን ለውጥ ነው፤ ጥሩ ጆሮ አለዎት። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ንቦች አበባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ200 እስከ 400 ጊዜ ይንዘፈዘፋሉ። አንዱ ጩኸት ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ አንዳንዴ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ከደረቷ የተነሣው ንዝረት በጭንቅላቷ፣ በመንጋጋዋና በእግሮቿ በኩል ወደ አበባው ይገባል። ኃይሉ ቀላል አይምሰልዎት። ባምብልቢ በምትባል ጸጉራም ትልቅ የውጭ አገር ንብ ላይ በተደረገ ልኬት የመሬትን ስበት 30 እጥፍ የሚያህል መናወጥ ተመዝግቧል። የጦር አውሮፕላን አብራሪ እኮ ልዩ ልብስ ለብሶም 9 እጥፍ ላይ ይቸገራል።

ቀንዱ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ግድግዳው ሲንዘፈዘፍ የዱቄቱ ቅንጣቶች ይነጥራሉ። ከግድግዳው ጋርና እርስ በርስ እየተላተሙ ጉልበት ያገኛሉ። በመጨረሻ በቀዳዳዋ ይተፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ባክማንና ሀርሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን በፊዚክስ ቀመር አስልተው አሳይተዋል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ብዙ ዱቄት የሚያወጣው የድምፁ ቅጥነት ሳይሆን በይበልጥ የመናወጡ ኃይልና የሚቆይበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ ላርም። «ንቧ በድምፅዋ አበባውን ታስከፍተዋለች» የሚባል ነገር እሰማለሁ። ድምፅ በአየር የሚሄድ ትርፍ ነው። ድምፅዋን በስልክዎ ቀድተው አበባው አጠገብ ቢያሰሙት ዱቄት አይወርድም። ሥራውን የሚሠራው ንክሻው ነው፤ ንዝረቱ ከአካል ወደ አካል መሻገር አለበት። ቀንዱ ላይ የሚቀረውን ምልክትም በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ንቧ የጎበኘችው ቀንድ የነከሰችበት ቦታ ከሰዓታት በኋላ ቡናማ ይሆናል። «አበባውን እያበላሸችው ነው?» ያሉት ይህን ጠባሳ አይተው ከሆነ አይስጉ። አበባው መጎብኘቱን የሚነግርዎት ይህ ነው። እኔ ማሳ ስጎበኝ በመጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

የተረጨው ዱቄት የንቧ ሆድና ደረት ላይ ያርፋል። ንብ ስትበር ሰውነቷ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፤ ይህም ደረቁን ዱቄት ወደ ጸጉሯ ይስበዋል። ከዚያ በእግሮቿ እያበጠረች የኋላ እግሮቿ ላይ ታከማቸዋለች። ሁሉንም ግን አትሰበስብም። እግሯ የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚቀር አለ፤ ወደ ቀጣዩ አበባ የሚሻገረው እሱ ነው። ቲማቲም ደግሞ የራሱን ዱቄት ይቀበላል። በዚያው ንዝረት ከቀንዱ የረገፈው ዱቄት የዚያኑ አበባ ሴቴ ክፍል ጫፍ ያለብሳል። ሁለት ጥቅም በአንድ ጩኸት!

የቀፎዎ ንቦች ይህን ለምን አያደርጉም? ጡንቻው ጠፍቶባቸው አይደለም። ቀፎው ሲበርደው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይህንኑ ጡንቻ አንቀጥቅጠው እጩን ያሞቃሉ። መንጋ ከወጣ በኋላ ማታ ጆሮዎን ቀፎው ላይ ቢያስጠጉ አዲሲቱ ድንግል ንግሥት ቀጭን ድምፅ ስታሰማ ልትሰሟት ትችላላችሁ። ያም በዚሁ ጡንቻ ነው። አበባ ላይ ሲሆኑ ግን የማር ንቦች ይህን አያደርጉም። ከዓለም የንብ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይችሉበታል፤ የእኛዎቹ ማር ሠሪዎች ከሌላው ግማሽ ናቸው። ቲማቲም ላይ ወለላ የለም፣ ዱቄቱም አይወጣላቸውም፤ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? አልፎ አልፎ ጥቁሯ ንብ ያራገፈችውን ትርፍራፊ ለመልቀም ብቅ ይሉ ይሆናል።

ለእነሱ ጎጃም ውስጥ ኑግን የሚያህል የለም። ኑግ በአብዛኛው የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል። መስከረምና ጥቅምት ማሳው ቢጫ ሲሆን ቀፎዎን ወደ ኑጉ ዳር ያስጠጉ። ኑጉም ፍሬ ይይዛል፣ እርስዎም ማር ይቆርጣሉ። በርበሬስ የሚል እንዳይጠፋ፣ በተለይ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን በኩል። በርበሬ የቲማቲም ዘመድ ቢሆንም የወንዴ ከረጢቱ በቁመቱ ተሰንጥቆ ነው የሚከፈተው። ንዝረት የግድ አይለውም፤ የቀፎ ንብም ትጠቅመዋለች። ድንች ደግሞ የምንፈልገው ከሥር ነው፤ አበባውን ማን ጎበኘው ብለን አንጨነቅም።

ታዲያ ይህች ጥቁር ንብ ለምርትዎ ምን ያህል ትጠቅማለች? እውነቱን ልንገርዎ፤ ሜዳ ላይ ያለ ቲማቲም ያለ ንብም ያፈራል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ጥቂት ዱቄት ይወርዳል። ልዩነቱ በፍሬው ላይ ይታያል። ብዙ ዱቄት ያገኘች አበባ ብዙ ዘር ትይዛለች። ዘሮቹ የሚያመነጩት ሆርሞን ነው ሥጋውን የሚያሳድገው። ዘሩ ሲያንስ ፍሬው ያንሳል፤ አንዳንዴም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ገበያ ላይ ነጋዴው የሚወረውረው እሱን ነው።

ግን አበባ የረገፈ እንደሆነ ሁሉ በንብ አያሳብቡ። መራዊ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ የቲማቲም ዱቄት ይዳከማል፤ ያኔ ማንም ቢያንቀጠቅጠው ፍሬ መያዙ ያጠራጥራል። ዩሪያ የበዛበትም ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውኃ አንዴ ተጠምቶ አንዴ የሚጥለቀለቅ ማሳም አበባውን ይጥላል።

እኔን ከማመን ይልቅ ራስዎ ይሞክሩት። ገና ያልፈኩ የአበባ ዘለላዎች ይምረጡ። ስስ የመጋረጃ ጨርቅ አልብሰው ላላ አድርገው ይሰሩ። የወባ አጎበር ግን አይጠቀሙ፤ መድኃኒት የነካው ስለሆነ ንቦቹን ይጎዳል። ከአጠገባቸው በተመሳሳይ ቀን የሚፈኩ ሌሎች ዘለላዎችን ሳይሸፍኑ በቀይ ክር ምልክት ያድርጉባቸው። አበባው ሲጠወልግ ጨርቁን ያንሱ። ፍሬው ሲደርስ ሁለቱንም ይመዝኑ፤ ቆርጠውም ዘሩን ያነጻጽሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥቁሯ ንብ የሚያስቡት ይለወጣል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ክስዎ፣ ወደ ዳሱ እንጨት። ይህች ንብ በሳይንስ ስሟ ዛይሎኮፓ ትባላለች። እንጨት ትበሳለች እንጂ እንደ ምስጥ አትበላውም። ሴቷ በደረቅና ለስላሳ እንጨት ውስጥ ዋሻ ትቆፍራለች። ከዋሻው ውስጥ የዱቄት ድቡልቡል ትጋግራለች፣ በላዩ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ በእንጨት ብናኝ ትዘጋዋለች። ከዚያ ቀጥላ ሌላ ክፍል። ጠቅላላ ልጆቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከቀፎዎ አንድ ሠራተኛ ንብ ብትሞት ሺዎች ይተኳታል። እሷን ከገደሏት ግን ጎጆው አለቀለት። ፊትዎ እያንዣበበ የሚያስፈራራዎት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው፤ መንደፊያ እንኳ የለውም። ሴቷ ትነድፋለች፣ ግን በእጅዎ ካልጨበጧት አትሞክረውም።

ዳሱን ማዳን ቀላል ነው። ቋሚውን ቀለም ይቀቡት፤ ወይም ለምስጥ እንደምናደርገው የተቃጠለ ዘይት ይቀቡት፣ ከቀፎው አፍ ግን ይራቅ። አሮጌውን ቀዳዳ ከመድፈንዎ በፊት ውስጡ ልጅ እንደሌለ ያረጋግጡ። በምትኩ ሌላ ቤት ይስጧት። ደረቅ ግንድ ከማሳው ዳር፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ያጋድሙላት። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃም ይሆናል። ደረቁን በአንድ ጎኑ አንጓው እንዲደፈን አድርገው ይቁረጡና አግድም ይሰሩት። ቅቤም ማርም አያስፈልጋትም። ሌላ ትንሽ የሥራ ባልደረባም አለቻት፤ አሜጊላ የምትባል፣ ሆዷ ላይ መስመር ያላት፣ በአፈር ገደል ውስጥ የምትኖር ፈጣን ንብ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት የአውስትራሊያዋ አሜጊላ አበባውን ከመንከስ ይልቅ በጭንቅላቷ ስትደበድበው ተቀርጻለች። የቦይና የእርከን ዳር አፈሩን ሁሉ አይገልብጡት፤ ቤቷ እዚያ ነው።

ከእንጨቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መርጫው ነው። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ተባይ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ከገባች ወዲህ የቲማቲም ገበሬ መድኃኒት ከእጁ አይለይም። አልፈርድበትም፤ ቅጠሉን እያየ ሲያጣው ምን ያድርግ። ግን አበባ በፈካበት ረፋድ መርጨት ራስን መጉዳት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይርጩ። የመድኃኒቱ መለያ ወረቀት ላይ ስለ ንብ የተጻፈ ካለ ልጆች እንዲያነቡልዎ ያድርጉ። ከቀፎ ንቦች በተለየ እነዚህን የዱር ንቦች መዝጋትም ማዛወርም አይቻልም።

የቀረው የልጅዎ ሐሳብ ነው። እሱ የሚለው ባምብልቢ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቲማቲም የሚመረተው በመስታወት ቤት ነው፤ ነፋስ አይገባም። ድሮ ሠራተኛ ቀጥሮ ዘለላውን አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ ማንዘፍዘፊያ ያስነኩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ውስጥ ባምብልቢ በካርቶን እየተራባ መሸጥ ጀመረ፤ ያ ሥራ ቀረ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ግን የባምብልቢ አገር አይደለም። እንግዳ ንብ ሜዳ ላይ መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ ደቡብ አሜሪካ አይታዋለች። ቺሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓውን ባምብልቢ ለእርሻ አስገባች። ከማሳ ወጣ፣ ድንበር ተሻግሮ አርጀንቲና ገባ። የአገሩ ተወላጅ የሆነችው ትልቋ ብርቱካናማ ባምብልቢም በብዙ ቦታ ጠፋች። በዚያ ላይ ካርቶኑ ዘላቂ አይደለም፤ መንጋው በወራት ውስጥ ያልቃል፣ ሌላ መግዛት ይመጣል።

ልጅዎ የግድ አንድ ነገር ልላክ ካለ በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ይላክልዎ። ለሙሉ ማሳ አይሆንም፤ ለዘር ለሚያስቀሩት መደብ ግን ጥሩ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ የብሩሹን ጀርባ የዘለላው አገዳ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያስነኩት። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ቢይዙ ቢጫው ዱቄት ሲወርድ ያዩታል። ብሩሽ ከሌለ በዚያው ሰዓት ቲማቲሙ የታሰረበትን ድጋፍ እንጨት በዱላ መታ መታ ማድረግም ይረዳል።